ሁለት ኪሎ ቀይ ሥር ለሐዝሚዬው ሕንፃ

ሐሙስ

ቤሩት የሄድኩት ባሕር ለማየት አይደለም። ስድስት ቀን ቆይቼ ባሕሩን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመኪና መስኮት። የሄድኩት ኮምፒውተር ውስጥ የተሠራ ሕንፃ ለማየት ነበር።

እኔ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የአሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ የጥገና ኃላፊ ነኝ። ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ሊፍት ሰው ይዞ ሲቆም፣ ጄኔሬተር አልነሳ ሲል የሚደወለው ለእኔ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደሳለኝ አንድ ስብሰባ ላይ አዲስ ነገር ሰምተው መጡ። የሕንፃውን ቧንቧ፣ ሽቦና ፓምፕ አንድ ሳይቀር በኮምፒውተር ላይ የሚያሳይ፣ የትኛው ዕቃ መቼ እንደተገጠመና መቼ መጠገን እንዳለበት የሚናገር ሞዴል አለ ተባለ። ቤሩት ውስጥ ደግሞ ይህን ሞዴል እየሠራ በእሱ ሕንፃ የሚያስተዳድር ድርጅት አለ። አቶ ደሳለኝ ሄጄ እንዳየው ወሰኑ። ይሠራል ካልኩ ይገዛል። ከተገዛ ደግሞ ስድስቱ የጥገና ሠራተኞቻችን ምን ይሠራሉ ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄውን እንደያዝኩ አውሮፕላን ተሳፈርኩ።

አውሮፕላኑ ለቤት ሠራተኝነት በሚሄዱ ወጣት ሴቶች ተሞልቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ቀበቶውን ማሰር እንጂ መፍታት አታውቅም ነበርና ምግብ ሲመጣ ታስራ በላች፤ ስንወርድም የፈታሁላት እኔ ነኝ። ሁለት ቦርሳ ይዛ ስለነበር አንዱን ተቀበልኳት። ፓስፖርታችን ከታየ በኋላ ልጆቹ ቀጣሪዎቻቸው መጥተው እስኪወስዷቸው ወደሚጠብቁበት ክፍል ገቡ፤ እኔም ቦርሳዋን እንደተሸከምኩ አብሬ ገባሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ልጅቷን ማዳሟ መጥታ ስትወስዳት ልወጣ ተነሣሁ፤ በሩ ላይ ያለው ሰው ግን ማን ሊወስደኝ እንደመጣ ጠየቀኝ። ኤሊ የሚባል መሐንዲስ ነው አልኩት። ዝርዝሩን አገላብጦ ኤሊ የሚባል ስላላገኘ በትሕትና ወንበር አሳየኝ። የግብዣ ደብዳቤዬ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ሻንጣዬ ደግሞ ውጭ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጸጉሬ ሸብቷል፣ ኮት ለብሻለሁ። ከጎኔ የነበረች ሌላ ልጅ አየት አድርጋኝ፣ በዚህ ዕድሜሽ ከባድ ቤት እንዳይሰጡሽ ለምኛቸው ብላ መከረችኝ።

በመጨረሻ አንድ ሌላ ሰው ሻንጣዬን ፈልጎ አመጣልኝ፤ ደብዳቤውን አይቶ ይቅርታ ጠየቀኝና የታሸገ ውሃ ጨመረልኝ። ውጭ አንድ መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት «ሚስተር ጽጌ» የሚል ወረቀት ይዞ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ የሚመጣውን ሚስተር መፈለጉን ቀጠለ። ጽጌ እኔ ነኝ ስለው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እስክሪብቶ አውጥቶ «ሚስተር» የሚለውን ሰረዘው። ኤሊን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኩት።

ያረፍኩት ሲን ኤል ፊል በሚባል ሰፈር፣ ትንሽ ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመንግሥት መብራት ጥቂት ሰዓት ይመጣል፤ ሲሄድ የሰፈሩ ትልቅ ጄኔሬተር ይተካዋል። እኛ ሰፈር መብራት ሲመጣ ልጆች ይጮኻሉ። እዚያ መብራቱ በራት ሰዓት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ሲመጣ ከእኔ በቀር ከሾርባው ቀና ያለ ሰው የለም።

ዓርብ

ጠዋት ኤሊ ምካሌስ ወደሚባለው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ወሰደኝ። ቢሯቸው ከአንድ የቤት ዕቃ መጋዘን በላይ ነው። ከታች ሶፋ ሲጎተት እላይ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ቃሊቲ ያለሁ መሰለኝ።

ሞዴሉን ግን አልዋሽም፣ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ሐዝሚዬ በሚባለው የኮረብታ ሰፈር ያለ ስምንት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ነው። ኤሊ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ግድግዳው እንደ መጋረጃ ተገለጠ፤ ቧንቧዎቹ በሰማያዊ፣ ሽቦዎቹ በቢጫ ታዩ። ምድር ቤት ያለውን ፓምፕ ሲነካው መቼ እንደተገጠመ፣ ማን እንደጠገነውና ቀጣዩ ጥገና መቼ እንደሆነ ተጽፎ መጣ። እኛ ዘንድ የሕንፃው ፕላን ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሰባተኛውን ፎቅ አይጥ በልቶታል። የትኛው መዝጊያ የትኛውን ፎቅ እንደሚዘጋ የሚያውቁት ጋሽ ሽመልስ የሚባሉ ቧንቧ ሠራተኛችን ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ታመው የቀሩ ቀን ሕንፃውም ታመመ ማለት ነው።

ኤሊ ሞዴሉ ምን ያህል እንደሚጠቅም በምሳሌ አስረዳኝ። እዚሁ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ይረጥባል የሚል አቤቱታ መጣ። ድሮ ቢሆን ግድግዳው ይፈርስ ነበር። አሁን ግን ሞዴሉን ከፈቱና ግድግዳው ውስጥ ቧንቧ እንደሌለ አዩ። ስለዚህ ውሃው ከላይ ወይም ከውስጥ ሳይሆን ከጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ነው የመጣው። አንድ መዶሻ ሳይነሣ በአሥር ደቂቃ ተፈታ። ይህን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ትልቅ ጥቅም» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ወዲያው መብራት ሄደና ሕንፃው እንዳለ ከነቧንቧው ጨለመ።

ምሳ ላይ ትንሽ ችግር ተፈጠረ። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ሥጋ አልበላም፣ ወተት የነካውም አልበላም፣ እንቁላልም አልፈልግም ስል ቢሮው በሙሉ ሐኪም ልጥራልሽ በሚል ዓይን አየኝ። ኤሊ ለእናቱ ደወለ። እናቱ ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ እነሱም የሚጾሙበት ጊዜ አላቸው። ዛታር የሚባል ቅጠል በዘይት ተለውሶ የተቀባበት ትኩስ ቂጣ ከዳቦ ቤት እንዲገዛልኝ አዘዙ። ማንኡሼ ይሉታል። ጥርሴ መሃል አረንጓዴ ቅጠል ተሰክቶ ከሰዓቱን በሙሉ ፈገግ እያልኩ እንደዋልኩ ያወቅኩት ሆቴል ገብቼ መስታወት ሳይ ነው።

ቅዳሜ

ሕንፃውን በዓይኔ የማይበት ቀን ነበር። ኤሊ አራት ሰዓት ላይ ሊወስደኝ ተቀጣጥረናል። እኔ ግን ቀድሜ ሄጄ ከውጭ ልየው ብዬ ሁለት ሰዓት ላይ ሰርቪስ የሚሉትን የጋራ ታክሲ ያዝኩ። ረዳት የለውም። ሾፌሩ ራሱ ይጣራል፣ ራሱ ይከራከራል፣ ራሱ ይነዳል። መንገድ ላይ አቁሞ ዳቦ ገዛና ለሁላችንም ቆረሰልን።

ሐዝሚዬ ስደርስ የሕንፃው ዘበኛ በር ላይ ቆመዋል። አቡ ሰሚር ይባላሉ፤ ወገባቸው ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ብዛት ሲራመዱ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። እኔን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያላ፣ ያላ» ብለው አጣደፉኝና ባልዲ አቀበሉኝ። ተቀበልኩ። ለምን እንደተቀበልኩ እስካሁን አላውቅም።

በደረጃው አንዲት ጠንካራ፣ ሻሽ ያሰረች ሴት መወልወያ ይዛ ወረደች። አማርኛዋ የደሴ ነው።

«አዲሷ አንቺ ነሽ? አርፍደሻል። ግድ የለም፣ ከላይ ነው የምንጀምረው፤ ሊፍቱ የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው።»

«እህቴ፣ እኔ እንኳ መሐንዲስ ነኝ» አልኳት።

«እኔም አገሬ ላይ አስተማሪ ነበርኩ» አለች እየወጣች። «እዚህ የመጣነው ሁላችንም የሆነ ነገር ነበርን። ያላ።»

ዘነበች ትባላለች። ቤሩት ከመጣች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እየወለወለች ታወራለች፤ የምታወራው ደግሞ ሁሉ ስለ ሕንፃው ስለነበር ላቋርጣት አልቻልኩም። ስምንተኛ ፎቅ ያለው መስኮት ካልተመታ እንደማይዘጋ፣ የጣሪያው በር ቁልፍ ወደ ግራ እንደሚዞር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማብሪያው የሁለተኛን ፎቅ መብራት እንደሚያበራ ነገረችኝ። ከእነዚህ አንዱም ሞዴሉ ላይ አልነበረም። ባልዲውን አስቀምጬ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። የምትለውን በጽሑፍ የምትይዝ አዲስ ሠራተኛ በማግኘቷ ደስ አላት። ከዚያ ባልዲውን መልሳ ሰጠችኝ። ሁለት ፎቅ ወለወልኩ።

አምስተኛ ፎቅ ስንደርስ ወሬዋን አቆመች። ኮሪደሩ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ነበር። ገፋ አደረገችው። ከበስተኋላው ያለው ልስን ከወገብ በታች ጠቁሮ ተነፍቷል።

«የኔ ጉድ ይሄ ነው» አለች። «ውሃ እያፈሰስሽ ግድግዳውን አበሰበስሽ አሉኝ። እዚህ ውስጥ ቧንቧ አለ፣ ሲሠሩት አይቻለሁ አልኳቸው። ያኒ፣ ማን ይሰማል? ሞዴል የሚሉት ነገር አላቸው፤ ቧንቧ የለም ብሏል። ወሩ ሲያልቅ ኸላስ፣ እወጣለሁ። አንቺን ያመጡሽ በእኔ ቦታ ነው።»

በእሷ ቦታ የመጣች የመሰለቻትን ሴት ነው ጠዋቱን በሙሉ የቁልፉን አዟዟር ሳይቀር ስታስተምር የነበረችው። እኔ ደግሞ ትናንት «ትልቅ ጥቅም» ብዬ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ታሪክ የዚህች ሴት መባረር ነበር። ፊቴ ጋለ። እጄን ግድግዳው ላይ አደረግኩ። ሃያ ዓመት የረጠበ ግድግዳ ስዳስስ ኖሬያለሁ። የጽዳት ውሃ ግድግዳን ከውጭ ወደ ውስጥ ያረጥባል፤ ይሄኛው ልስን ግን ከውስጥ ተገፍቶ ነው የተነፋው።

ልነግራት አፌን ስከፍት ሊፍቱ ተከፈተና ኤሊ ወጣ። ሆቴል ሄዶ አጥቶኝ እየሮጠ ነው የመጣው። እኔን ከመወልወያው ጋር ሲያይ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ቀላ። ኢንጂነር ጽጌ፣ ምን ተፈጠረ እያለ ባልዲውን ከእጄ ተቀበለኝ፤ ከተቀበለ በኋላ ግን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ዘነበች ከሚናገረው እንግሊዝኛ ውስጥ «ኢንጂነር» የሚለውን ሰማች። መወልወያዋ ወደቀ።

«እርስዎ... እውነትዎን ነበር እንዴ?»

«ነግሬሽ ነበር» አልኳት።

«ማን ያምናል? እጅዎ እኮ መወልወያ ያውቃል።»

ጉብኝቱን አልጀምርም ብዬ ኤሊን ግድግዳው ፊት አቆምኩት። ዘነበች ያየችውን ነገረችው፤ ዓረብኛዋን እኔ ባልሰማም እጇ ቧንቧውን በአየር ላይ ሲስል ይታየኝ ነበር። ኤሊ በትዕግሥት ሰማና ሞዴሉ የተሠራው ከሕንፃው ፕላን መሆኑን፣ የሚታየውንም ሁሉ በአካል እየዞሩ ማረጋገጣቸውን አስረዳ። ግድግዳ ውስጥ ያለ ነገር አይታይም አልኩት። ግድግዳ ለማፍረስ ነዋሪዎቹ አይፈቅዱም አለ፤ ፍሳሽ የሚከተል ልዩ ቀለም ከውጭ ለማስመጣት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እኔ የምመለሰው ማክሰኞ ነበር።

እሑድ

ዘነበች ስላስወለወለችኝ ልትክሰኝ ምሳ ጠራችኝ። የምትኖረው ናባዓ ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ በላዩ የተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ሽቦውን ቀና ብዬ ሳይ የሙያ ነገር ሆኖብኝ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ። ከሁለት ሞተር ብስክሌት ያዳነችኝ እጄን ይዛ በመጎተት ነው።

ከምሳ በፊት ወደ ጸሎት ቦታዋ ወሰደችኝ። ጴንጤ ናት። በሳምንቱ ሌሎች ቀናት የልብስ ስፌት ቤት የሆነ አዳራሽ ተከራይተዋል፤ ማሽኖቹ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሰው ቆመዋል። እኔ ቆሜ የማስቀድስ ሰው ነኝና መቆሙ አልከበደኝም፤ መዝለሉ ግን ጉልበቴን ያዘኝ። መሪዋ እንግዳ ካለ ይነሣ ስትል ዘነበች አስነሣችኝና፣ እቺ መሐንዲስ ናት፣ እኔ ግን ሁለት ፎቅ አስወለወልኳት ብላ ለጉባኤው ተናዘዘች። መቶ የሚሆኑ ሴቶች ሳቁ። ከዚያ ስለ ግድግዳው ጸለዩልን። ስለ ግድግዳ ሲጸለይ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ክፍሏ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና አንድ ወንበር አላት። ወንበሩ ለእኔ ሆነ። የቀረበልኝ ምስር ወጥ፣ ጎመንና ቀይ ሥር በድንች ነበር። እስካሁን «እርስዎ» ትለኛለች፤ አብረን ወልውለን «እርስዎ» ምን ይባላል ብዬ ተቆጣኋት። እሺ እያለች ረስታ መልሳ «እርስዎ» ትላለች፤ እስክንለያይ ድረስ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አደረገችኝ።

ስለ ቧንቧው እንደገና ጠየቅኳት። ስድስተኛ ፎቅ የሚኖሩት የማዳም ኑሃ ባል በሕይወት ሳሉ ነበር። ልብስ ማጠቢያቸውን ወደ ሌላ ክፍል ለማዛወር ብለው ሠራተኞች አመጡና የአምስተኛውን ኮሪደር ግድግዳ ሰንጥቀው ቧንቧ አሳለፉ፤ ለጠፉ፣ ቀለም ቀቡ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ፍርስራሹን በጆንያ አድርጋ አምስት ፎቅ ያወረደችው ዘነበች ናት። ሞዴሉ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ባልየው ሞቱ፣ ሠራተኞቹ ሄዱ፣ ግድግዳው ቀለም ተቀባ። የምታውቀው ሰው እሷ ብቻ ቀረች። ውሃውስ ከየት ነው የሚመጣው ስላት ጣሪያ ላይ ካሉት ታንከሮች ከዘጠነኛው ነው አለች። ደብተሬን ገለጥኩ። ሞዴሉ ላይ ዘጠነኛው ታንከር «ከአገልግሎት ውጭ» ተብሏል።

ውሃው ቀለም ቢኖረው ኖሮ አልኩ፣ እየበላሁ። ጣቴን አየሁት፤ ሮዝ ሆኗል። ዘነበችም ጣቴን አየችው። ሁለታችንም ቀይ ሥሩን አየነው።

ለኤሊ ደወልኩና የቀይ ሥር ጭማቂ ታንከሩ ውስጥ እንጨምር አልኩት። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ እንደሌለ ነገረኝ። ከዚያ ቀይ ሥር ሰው አይጎዳም አይደል ብሎ ጠየቀ። አሁን እየበላሁት ነው አልኩት። ነገ ጠዋት ብሎ ተስማማ። ዘነበች ሁለት ኪሎ ገዛች፤ ቀቅላ፣ ቀጥቅጣ፣ በነጠላዬ እንዳታጣራው እየተከላከልኩ በሻሿ አጠለለችው። አንድ ጀሪካን ሞላ።

ሰኞ

ጀሪካኑን የተሸከመው ኤሊ ነው። እምቢ ብንለውም፣ ሞዴሉ የእኔ ነው፣ ነውሩንም እኔ ልሸከም አለ። አቡ ሰሚር የጣሪያውን በር ሊከፍቱ ቁልፉን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ዘነበችና እኔ አንድ ላይ «ወደ ግራ» አልናቸው።

ጣሪያው ላይ እኛ ሮቶ የምንላቸው ዓይነት ታንከሮች ተደርድረዋል። የከተማው ውሃ ከመጣ ቀናት አልፈውት ስለነበር ዘጠነኛው ውስጥ የቀረው ስንዝር የማይሞላ ነው፤ ከአገልግሎት ውጭ ለተባለ ታንከር ግን እሱም ይበዛ ነበር። ኤሊ ውሃውን አይቶ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ጀሪካኑን ራሱ ገለበጠው።

አምስተኛ ፎቅ ወርደን ግድግዳው ፊት ተቀመጥን። አቡ ሰሚር የላስቲክ ወንበሮች አመጡልን፤ ነገሩ ስለጣማቸው ለራሳቸውም አንድ አመጡ። የኤሊ እናት ምስር በሩዝ ልከውልኝ ነበር። ቀኑ ሰኞ ቢሆንም ከዓርብ ጀምሮ በጾም ላይ ያለሁ መስሏቸዋል። አራታችን ግድግዳ እያየን በላን። ከሊፍት የወጣ አንድ ነዋሪ ሰላም ብሎን፣ ግድግዳውን አይቶ፣ እኛን አይቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ ቤቱ ገባ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ዘነበች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነው። እኔም በሆዴ ለቅዱስ ሚካኤል አንድ ነገር ተሳልኩ። ባይወጣስ? እኔ ነገ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ እሷ ግን ወሩ ሲያልቅ ሥራ አጥታ፣ በዚያ ላይ የሕንፃ ውሃ የበከለች ተብላ ትወጣለች። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ያዩት አቡ ሰሚር ናቸው። ወንበራቸውን ትተው ተንበረከኩና ጣታቸውን ልስኑ ላይ አደረጉ። የጣታቸው ጫፍ ሮዝ ሆነ። ወዲያው በተነፋው ልስን ሥንጥቅ በኩል አንዲት ቀጭን ሮዝ መስመር ወረደች። ኤሊ ተነሣ። ደስ ያለውም ያዘነም ይመስል ነበር።

መናገር ሳንጀምር ከደረጃው የጫማ ድምፅ ተሰማ። ማዳም ኑሃ ናቸው፤ ስድሳ የሚያልፋቸው፣ ጸጉራቸው የተሠራ ሴት። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ አባልም ናቸው። ስለ ግድግዳው ከሁሉ በላይ የተቆጡት እሳቸው እንደነበሩ ዘነበች ቀደም ብላ ነግራኛለች። በእጃቸው የተዘረጋ እርጥብ አንሶላ ይዘዋል። ነጭ እንደነበረ ከጠርዙ ያስታውቃል። የቀረው ሮዝ ነው።

ፓርዶን ብለው ጀመሩና የልብስ ማጠቢያቸው ምን እንደነካው የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቁ። አንሶላውን አዩ። ግድግዳውን አዩ። አንድ ዓይነት ቀለም ነው። ኤሊ በለሰለሰ ድምፅ ሁሉንም አስረዳቸው፤ ዘነበች በሹክሹክታ ተረጎመችልኝ። ሴትዮዋ የአቡ ሰሚር ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ባላቸው ያንን ሥራ ሲያሠሩ ለኮሚቴው እንዳትነግሪ ብለዋቸው ነበር። ቧንቧው በየት በኩል እንዳለፈ እሳቸውም አልጠየቁም፤ ኋላም ረሱት። ከዚያ ወደ ዘነበች ዞረው ተናገሩ።

«ስድስት ወር ሙሉ በአንቺ ላይ የጮኽኩት በራሴ ውሃ ነው። ይቅር በይኝ።»

ዘነበች አንሶላውን ከእጃቸው ተቀብላ አጣጠፈችው። በቀዝቃዛ ውሃና በጨው እንደሚለቅ ነገረቻቸው። ከዚያ ሻሿን አወረደችና ዓይኗን ጠረገችበት፤ ሻሹ ቀይ ሥር የተጠለለበት ስለነበር ጉንጯ ሮዝ ሆነ። ያኔ ሴትዮዋም፣ አቡ ሰሚርም፣ እሷም መሳቅ ጀመሩ።

ኤሊ ታብሌቱን አውጥቶ ቧንቧውን እዚያው ቆሞ ሞዴሉ ላይ ሣለው። መረጃውን የሰጠው ማን ነው የሚል ሣጥን አለ፤ ሲነኩት ምርጫ ያወጣል። መሐንዲስ፣ ተቋራጭ፣ ፕላን፣ የዕቃው አምራች። የጽዳት ሠራተኛ የሚል የለም፤ ሌላም ነገር ለመጻፍ አይፈቅድም። «ተቋራጭ ልበላት?» ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት። ወደ ቢሮው ደውሎ ሃያ ደቂቃ ተከራከረና አዲስ ምርጫ አስጨመረ። ስሟን ሊጽፍ ሲል ዘነበች አስቆመችው።

«ከነአባቴ ጻፈው። ዘነበች የሚባሉ እዚህ ብዙ ናቸው።»

ዘነበች አያሌው ተብሎ ተጻፈ። አሁን ያንን ቧንቧ የሚነካ ሰው ሁሉ ስሟን ያያል። ማዳም ኑሃ ያን ቀን ማታውኑ ኮሚቴውን ሰብስበው ዘነበች እንድትቆይ አስወሰኑ። በእሷ ቦታ ልትመጣ የነበረችው ሴት ደግሞ ቅዳሜ ሳትመጣ የቀረችው ሌላ ሥራ አግኝታ ኖሮ ነው።

ማክሰኞ

ኤሊ ወደ አየር ማረፊያ ሲወስደኝ ዘነበችም አብራ መጣች። መንገዱን በሙሉ ሁለቱ በዓረብኛ ተጨቃጨቁ። ስለምንድን ነው ስላት፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከእሱ ጋር ሌሎች ሁለት ሕንፃዎች እየዞረች የምታየውን እንድትነግረው ለምኗት እንደሆነ ነገረችኝ። እሺ ብላለች፤ ጭቅጭቁ ማን ባልዲ ይይዛል የሚል ነው። ያሾፈች መሰለኝ፤ ኤሊ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ ነበር።

የኤሊ እናት አንድ ትልቅ ብልቃጥ ዛታር ልከውልኛል። ቦሌ ስደርስ ፈታሹ አሽትቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጦስኝ ነው አልኩት፤ አመነኝ።

ከተመለስኩ በኋላ

አቶ ደሳለኝ በማግሥቱ አስጠሩኝ። ይገዛ አልኳቸው፤ ሞዴሉ ጥሩ ነው። ታዲያ ከስድስቱ ማን ይቀነስ አሉኝ። ማንም አይቀነስ አልኳቸው። ሞዴሉ የተነገረውን እንጂ ያልተነገረውን አያውቅም፤ የሚነግሩት ደግሞ እነዚህ ስድስቱ ናቸው፤ ቀነስናቸው ማለት ከጋሽ ሽመልስ ጭንቅላት ጋር ግማሹን ሕንፃ ሸኘነው ማለት ነው። የቀይ ሥሩን ታሪክ ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። የግድግዳውን ፎቶ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አይተው፣ እሺ፣ ሁሉም ይቆዩ አሉ።

ቢሮዬ ገብቼ ፋናዬን አስጠራኋት። ፋናዬ የእኔን ፎቅ ስታጸዳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት አንድ ቀን ወንበር ስቤ አስቀምጫት አላውቅም። ተቀመጪ ስላት የተባረረች መስሏት ደነገጠች። ደብተሬን ገልጬ፣ ስለዚህ ሕንፃ አንቺ የምታውቂውን እኔ ግን የማላውቀውን ንገሪኝ አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ተነሥታ ከጀርባዬ ያለውን የፋይል ቁም ሣጥን በአንድ እጇ ጎተት አደረገችው። ሥሩ ላይ በጥንቃቄ የታጠፈ ፎጣ አለ። ጨመቀችው፤ ውሃ ተንጠባጠበ።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አለች። «ጠዋት እርስዎ ሳይገቡ እቀይረዋለሁ።»

የጥገና ኃላፊዋ ቢሮ ነው። ለምን ሳትነግሪኝ አልኳት።

«የሌላውን ሰው ቧንቧ ለማሠራት ሲሯሯጡ ስለማይ ነው» አለችኝ። «ሥራ ይበዛብዎታል ብዬ።»